ስለ ሆረሩ ጌም ያልነውና ያላልነው

እኔ ሰው ሲያወራ መሃል ካልገባሁ የሚያመኝ ዓይነት ነኝ። ጓደኛዬ ደግሞ አንድ ነገር ከያዘ አይለቅም። ስለ ጌም አስተያየት የምንጽፍበት ቻናል እንክፈት ስንል የሰፈሩ ልጆች «ሳትከፍቱስ መች ዝም ብላችሁ ታውቃላችሁ?» ብለው ሳቁብን። ከፈትነው። አባሉ ብዙ አልነበረም፣ ጭቅጭቁ ግን ለከተማ ይበቃ ነበር።

ሁለታችንም ያደግነው ገርጂ ነው፣ በአንድ ኮንዶሚኒየም፣ በአንድ ደረጃ። እነሱ ሦስተኛ ፎቅ፣ እኛ አራተኛ። እሱ ለእናቱ አንድ ነው፤ አባቱን አያስታውሰውም። እናቱ ከሕንፃው ሥር ሳሙና፣ ፓስታ፣ ዘይት የምትሸጥበት ትንሽ ሱቅ ነበራት። ከልጅነቴ ጀምሮ ግማሹን ምሳዬን የበላሁት እሷ ቤት ስለሆነ እንደ ልጇ «እማ» እያልኳት ነው ያደግኩት። ታናሽ እህቷ፣ ማለትም የጓደኛዬ አክስት፣ አብረዋቸው ይኖሩ ነበር። እሳቸውን «እትዬ» ነው የምላቸው። ቆፍጠን ያሉ፣ ሳቅ የማያበዙ ሴት ናቸው፤ አንቺ ለማለት ደፍሬ አላውቅም።

ስናድግ እኔ ጉርድ ሾላ ስልክ ጥገና ከፈትኩ። እሱ ቦሌ ለሚ፣ ልብስ ፋብሪካ ውስጥ የስፌት ማሽን ቴክኒሺያን ሆኖ ገባ። ስድስት ቀን ሙሉ በማሽን ጩኸት ውስጥ ውሎ እሑድ ሲመጣ ጆሮው እንደተደፈነ ነበር፤ ሁለት ጊዜ ካልጠሩት አይሰማም። እሑድን ግን ማንም አይነካብንም ነበር። ከምሳ በኋላ ከሱቄ ጀርባ ያለችው ጌም ቤት እንገባለን፣ አመሻሽ ላይ እንወጣለን፣ ማታ ማታ ደግሞ ያየነውን ቻናሉ ላይ እንጽፋለን።

በዚያ ዓመት የያዘን አንድ የሆረር ጌም ነበር። ታሪኩ ቀላል ነው። አንድ አባት የጠፋች ልጁን ፍለጋ ሰው ጥሎት የሄደ ሆስፒታል ውስጥ ይገባል። የእጅ ባትሪ አለው፣ ጥቂት ጥይት አለው፣ ሌላ ምንም የለውም። ውስጥ የሚዞረው ጭራቅ ዓይን የለውም፤ የሚያድነው በጆሮው ነው። ከሮጥክ ይሰማሃል፣ በር ካንኳኳህ ይሰማሃል። ቁም ሳጥን ውስጥ ገብተህ ትንፋሽህን ትይዛለህ፣ እሱ ያልፋል፣ አንተ ትወጣለህ።

አስተያየቱ ጎረፈ። አንዱ «መጀመሪያው ይንዛዛል፣ ጭራቁ እስኪመጣ እንቅልፍ ወሰደኝ» ይላል። ሌላው «ጭራቁን ገና ከጅምሩ አሳይተውናል፤ አንዴ ያዩት ነገር መቼ ያስፈራል?» ይላል። የደረስክበትን ሴቭ የምታደርግበት ቦታ ጥቂት ነው ብሎ የሚያማርርም ነበር። መብራት ጠፍቶበት የተጫወተውን ሁሉ ያጣ አንድ የሰሚት ልጅ እርግማኑን በድምፅ ልኮልን፣ እኔና ጓደኛዬ ደጋግመን እየሰማን ሆዳችንን ይዘን ስቀናል። አንዲት ልጅ ደግሞ «እኔን ያስፈራኝ ጭራቁ አይደለም፤ ሰውየው ልጁን ሲጣራ ድምፁን ዝቅ ማድረጉ ነው» ብላ ጻፈች። ከሁሉም የሷን እስከ ዛሬ አልረሳሁትም።

የኔና የሱ ጠብ መጨረሻው ላይ ነበር። ጌሙ ሁለት መጨረሻ አለው፤ ሰውየው ወይ ልጁን በሕይወት ያገኛታል፣ ወይ አርፍዶ ይደርሳል። የሚወሰነው ግማሽ መንገድ ላይ አንድ በር ጋ ስትደርስ ቶሎ በመግባትህ ወይም በመቆየትህ ነው። ጌሙ ግን ይህን አይነግርህም። ዝም ብሎ ያስገባሃል፣ መጨረሻ ላይ ይፈርድብሃል።

ጓደኛዬ በዚህ ነገር ተቃጠለ። ቻናሉ ላይ እንዲህ ብሎ ጻፈ፤ «ሰውን በማያውቀው ነገር መቅጣት ግፍ ነው። ከፈለገ ያሳዝን፣ ከፈለገ ልቤን ይስበረው፣ ግን ምርጫው የኔ ይሁን። ሳልጠየቅ ያለፈኝን ነገር ጥፋትህ ነው አትበሉኝ።» እኔ ደግሞ ዝም አልልም፤ «ሕይወትስ መች ታስጠነቅቃለች? ጌሙ ልክ ነው» ብዬ መለስኩ። እሱ መለሰ፣ እኔ መለስኩ፣ ሰው ሁሉ ገባበት። መጨረሻ ላይ አፌን ቁርጥ ያድርገውና «ተዉት፣ እንኳን እናቱ ሞታበት እንዲሁም አልቃሻ ነው» ብዬ ተረትኩበት። ከኔ በላይ የሳቀው እሱ ራሱ ነው። ዛሬ ሰው ይህን ተረት ሲተርት ከሰማሁ ተነስቼ እወጣለሁ።

ያንን ክርክር ለመጨረስ ነው በዚያ እሑድ ጌም ቤት የገባነው። ሌላኛውን መጨረሻ፣ ልጅቷ የምትተርፍበትን፣ ለማየት። የጌም ቤቱ ባለቤት ሆረር የሚጫወት ሲመጣ መስኮቱን በብርድ ልብስ ይሸፍናል፤ ውጭ ፀሐይ እየነደደ ውስጡ ድቅድቅ ይላል። የኛ ሕግ ደግሞ ስልክ ይዘጋል የሚል ነበር፣ ልብህ በአፍህ ልትወጣ ስትል የስልክ ጥሪ ፍርሃቱን ያበላሸዋልና። እሱ ዘጋ። የኔ ግን ደንበኞች ስለሚደውሉ ድምፁን ብቻ አጥፍቼ ኪሴ ከተትኩት።

ስምንት ሰዓት ላይ ኪሴ ውስጥ ተንቀጠቀጠ። እትዬ ናቸው። ደጅ ወጥቼ አነሳሁት።

«ልጄ፣ እህቴ ትንሽ አሟታል። ልጁ ስልኩን ዘግቷል። እየጠራችው ነው፣ ቶሎ ላክልኝ» አሉኝ። ድምፃቸው የተረጋጋ ነበር።

«በጣም ነው እንዴ እትዬ?»

«አይ፣ ትንሽ ነው። ብቻ ይምጣ።»

ክው አልኩ። ይህን ወሬ አውቀዋለሁ። እኛ ዘንድ ሞት በስልክ አይነገርም። መርዶ ወግ አለው፤ ሽማግሌ ይሰበሰባል፣ ማለዳ ይኬዳል፣ ሰውየው ቤቱ ተቀምጦ፣ የሚደግፉት ሰዎች በግራ በቀኝ ሆነው ይነገረዋል። እስከዚያ ድረስ የሞተው ሰው «ትንሽ ያመዋል»። አባቴ ሲያርፍ እኔ ለሥራ አዳማ ነበርኩ። አጎቴ ደውሎ «አባትህን ትንሽ አሞታል፣ እየጠራህ ነው፣ ና» አለኝ። ለበሽተኛ ባዶ እጅ አይኬድም ብዬ መንገድ ላይ ብርቱካን ገዛሁ። ገርጂ ከታክሲ ስወርድ ድንኳኑን ከሩቅ አየሁት። ብርቱካኔን በፌስታል አንጠልጥዬ እዚያ ሁሉ አልቃሽ መሃል ገባሁ። ያን ቀን ለወንድሜ፣ ለጓደኛዬ፣ ለማንም ሰው እንዲህ አላደርግም ብዬ ምያለሁ።

ስለዚህ እማ ሞታለች ብዬ ደመደምኩ። ማንንም አልጠየቅኩም። የሚጠየቅ ነገርም አልመሰለኝም። እዚያው ደጅ ቆሜ እንባዬን ጠረግኩና አሰብኩ፤ አሁን ብልከው በታክሲ እየከነፈ ሄዶ ድንኳኑ ላይ ነው የሚወድቀው። ላቆየው። ይህችን አንድ ከሰዓት እናት እንዳለው ሰው ሆኖ ይዋል። ማታ እህቴ ቤት ወስጄ አሳድረዋለሁ፣ ጠዋት ሽማግሌዎቹ በወጉ ይነግሩታል። ለሱ ብዬ ነው። እግዜር ያውቃል፣ ለሱ ብዬ ነው።

ተመልሼ ስገባ «ማነው?» አለኝ፣ ዓይኑን ከቴሌቪዥኑ ሳይነቅል።

«ደንበኛ ነው። ስልኬ አልተሠራም ብሎ ይጨቀጭቀኛል።»

«በእሑድ? ምን ዓይነቱ ነው ባክህ!» አለና ጆይስቲኩን አጥብቆ ያዘ።

እንደዚያ ቀን ተጫውቶ አያውቅም። በሩ ጋ ሲደርስ አላመነታም፣ ቀጥ ብሎ ገባ። ከዚያ በኋላ ያለውን ኮሪደር እየተሳበ አለፈው። ጭራቁ አጠገቡ ሲደርስ ትንፋሹን እሱም አብሮ ይይዝና፣ ሲያልፍለት ትከሻዬን በቡጢ እየመታኝ ይስቃል። ለቻናሉ የሚጽፈውንም ጮክ ብሎ ያዘጋጃል፤ «ጻፍ! ድምፁ አሥር ከአሥር። ጭራቁ ስምንት። መጨረሻው ላይ ግን አሁንም አልታረቅሁም!» ይለኛል። እኔ በዚያ ጨለማ ውስጥ ተቀምጬ እንባዬ ይወርዳል። አንዴ ዞር ሲል አየኝ።

«ታለቅሳለህ እንዴ?»

«ፈርቼ ነው» አልኩት።

«አንተ ፈሪ! ቆይ፣ ይህንን ቻናሉ ላይ ካልጻፍኩ ከምላሴ ፀጉር!» ብሎ ሳቀብኝ። ስልኬ ኪሴ ውስጥ ሁለተኛ ጊዜ ተንቀጠቀጠ። አላነሳሁትም። አባቴ የሞተ ጊዜም አጎቴ ደጋግሞ ደውሎልኝ ነበር፤ መቼ እንደምደርስ ለማወቅ። ሦስተኛ ጊዜ ተንቀጠቀጠ። አሁንም አላነሳሁትም።

አመሻሽ ላይ ጨረሰው። ልጅቷ ተረፈች። አባትየው አቅፏት ከሆስፒታሉ ሲወጣ ጓደኛዬ ተነስቶ አጨበጨበ። እህቴ ቤት እንሂድና ራት እንብላ ብዬ ብጠይቀው እምቢ አለኝ፤ «እማ ራት ሳትበላ ትጠብቀኛለች፣ ታውቃታለህ አይደል» አለ። ለመንኩት፣ አልሰማኝም። እንግዲህ የፈሩት ይደርሳል ብዬ አብሬው ታክሲ ገባሁ። ገርጂ እስክንደርስ ስለ ጌሙ እያወራኝ ነበር።

ከታክሲ ስንወርድ ዓይኔ ድንኳን ፈለገ። የለም። ሕንፃው ሥር ስንደርስ የእድሩ ሰዎች ድንኳኑን ገና ከመጋዘን እየጎተቱ ያወጡታል። በስምንት ሰዓት ለሞተች ሴት ድንኳኑ እስካሁን ያልተተከለው ለምንድነው ብዬ አሰብኩ።  ጓደኛዬ ድንኳኑን አየ፣ የቆሙትን ሰዎች አየ፣ ሱቋ መዘጋቱን አየና ደረጃውን ሮጠ። እኔ ባለሁበት ቀረሁ። አንዲት ጎረቤት አጠገቤ ቆማ ለሌላዋ «ገና ግማሽ ሰዓት አይሆናትም። እስከ አስራ አንድ ተኩል ትናገር ነበር እኮ» ስትል ሰማሁ።

በኋላ እንደተረዳሁት፣ ልቧ ድሮም ያማት ነበር። ያን ቀን ከምሳ በኋላ ወደቀች። ሕንፃችን ውስጥ የሚኖር አንድ ሐኪም ወጥቶ አያትና እትዬን ወደ ጎን ጠርቶ «ልጇን ጥሩላት» አላቸው። እትዬ የደወሉልኝ ከአልጋዋ አጠገብ ቆመው ነበር። እህታቸው እንዳትደነግጥ ነው ድምፃቸውን አረጋግተው «ትንሽ ነው» ያሉኝ። ሱቄም ድረስ ሰው ልከው ነበር፤ ዝግ ሆኖበት ተመለሰ። እሷ በሩ በተከፈተ ቁጥር «ልጄ መጣ?» ትል ነበር አሉ። ሦስት ሰዓት ተኩል ሙሉ።

በሠልስቱ ድንኳን ውስጥ፣ ሰው ሳሳ ሲል፣ ጓደኛዬ አክስቱን «ስልኬ ዝግ ነበር። ለሱስ ደወልሽለት?» ብሎ ጠየቃቸው። እኔ አጠገቡ ነበርኩ።  እትዬ አዩኝ። ፊቴ ላይ ያዩትን አላውቅም። «ደውዬለታለሁ» አሉት። «አቆየው ያልኩት እኔ ነኝ። ስትጨነቅ እንድታያት አልፈለግኩም።»

ጓደኛዬ ከዚያ ቀን ጀምሮ አላናገራቸውም። ጥቂት ቀን ቆይቶ ልብሱን ይዞ ወጣ፣ ለፋብሪካው ቅርብ የሆነ አንድ ክፍል ተከራየ። እትዬን ደረጃ ላይ ለብቻቸው አግኝቼ «ለምን እንደዚያ አሉ?» ብዬ አለቀስኩ። ማዕዱን ያነሱበትን ትሪ እንደያዙ ቆመው፣ «እኔ አርጅቻለሁ። አንተንም ካጣ ማን ይቀረዋል? ዝም በል» አሉኝ። ዝም አልኩ። ዝም ማለት ቀለለኝ፤ እውነቱ ይኸው ነው። የሌላ ሰው ነገር ውስጥ ዘው ብሎ የሚገባው አፌ የራሴ ጥፋት ላይ ሲደርስ ተሸበበ።

ከአርባዋ በኋላ ቻናሉ ላይ ጻፈ። ቻናሉ ውስጥ እናቱ መሞቷን ከኔ በቀር የሚያውቅ የለም፤ አባላቱ ስለ ሁለተኛው መጨረሻ የሱን አስተያየት ሲጠብቁ ነበር። «ጨረስኩት» ይላል። «ድምፁ ጥሩ ነው። ጭራቁ ጥሩ ነው። ልጅቷ ትተርፋለች። ግማሽ ቀን ይወስዳል። ከመጀመራችሁ በፊት እናታችሁ ጋ ደውሉ።» ሰዎቹ በጣም ያስፈራል ማለቱ መሰላቸው። የሳቅ ምልክት ደረደሩበት። «እማዬ ድረሺ ያስብላል ማለት ነው!» ብሎ አንዱ ጻፈ። ቻናሉን የምመራው እኔ ነኝ፤ ማጥፋትም እችል ነበር፣ መመለስም እችል ነበር። ሁለቱንም አላደረግኩም።

ያንን ዓመት እሑድ እሑድ እኔ ጋ ይመጣ ነበር። ጌም አንጫወትም፤ ሱቄ ውስጥ ተቀምጦ ስጠግን ያየኛል። አንዳንዴ ብቻ፣ ከመሬት ተነስቶ፣ «አክስቴ እንዴት ጨከነችብኝ?» ይላል። እኔ ስልክ ላይ አጎንብሼ ብሎን እፈታለሁ። «አንተማ ምን ታድርግ፣ አዘዘችህ» ይለኛል። ያጽናናኝ ነበር። እሱ እኔን!

ሙት ዓመቷ ደረሰ። ዝክሩን እትዬ ናቸው ያዘጋጁት። ሕንፃው ሥር ወንበር ተደርድሯል፣ ሰው ይበላል። እሱ ዘግይቶ መጣ። እትዬ ሲያዩት ተነሱ፤ ነጠላቸውን አስተካክለው፣ ሊስሙት እጃቸውን ዘረጉ። እንዳላየ ሆኖ በጎናቸው አለፈ። እጃቸው እንደተዘረጋ ትንሽ ቆየ። ከዚያ ወንበር እንደሚያስተካክል ሰው አደረጉት። በዚያች አንድ ዓመት ምን ያህል እንደከሱ ያኔ ነው ያየሁት።

አላስቻለኝም። ክንዱን ይዤ ደረጃው ላይ አወጣሁት። በሦስተኛውና በአራተኛው ፎቅ መካከል፣ ልጅ ሆነን የምንቀመጥበት ቦታ ላይ፣ አስቀመጥኩት።

«እትዬ አቆየው አላሉኝም» አልኩት። «ላከው ነው ያሉኝ። ቶሎ ላከው። ሞታለች ብዬ ነው ያልላክሁህ። እንደ አባቴ መስሎኝ። እሳቸው እኔን እንዳታጣ ብለው ነው የዋሹህ።»

 እንዲመታኝ ፈለግኩ። አልመታኝም።

«ስንት ጊዜ ደወለች?» አለኝ።

«ሦስት ጊዜ።»

«ደንበኛ ነው ያልከኝ እሷን ነው?»

«አዎ።»

«እማስ ያኔ በሕይወት ነበረች?»

«አዎ።»

እጆቹን ጉልበቱ ላይ አድርጎ መሬት መሬት ሲያይ ቆየ። ይቅርታ አድርግልኝ ልለው አፌን ስከፍት ቀደመኝ።

«ያን ቀን ደስ ብሎኝ ነበር» አለ። ድምፁ ዝቅ ያለ ነበር። «እሷ እየጠራችኝ፣ እኔ ተነስቼ አጨበጨብኩ። አንተ አጠገቤ ተቀምጠህ ታየኝ ነበር። ባትልከኝስ፣ ቢያንስ እንዳልስቅ ማድረግ አትችልም ነበር?»

  ተነሳ፣ ሱሪውን አራገፈ፣ ደረጃውን ወረደ። በደረጃው መስኮት ወደ ታች ሳይ እትዬ እግር ሥር ተንበርክኮ ጉልበታቸውን ይስማል፤ እሳቸው ራሱን በሁለት እጃቸው ይዘውታል። ከዚያ በኋላ እኔ ጋ መጥቶ አያውቅም።